ሠሪው በተቸገረበት፦ የቸርችል ጎዳና ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል፣ ቸርችል ጎዳና ዳር ካለ ፎቅ ላይ የተከራየናት ክፍል ዛሬ ማታ በሰው ሞላች። የመጡት ቀን ሲሠሩ የሚውሉ ወጣቶች ናቸው፤ ባንክ የሚሠራ አለ፣ ሞባይል የሚጠግን አለ፣ ማዘጋጃ ቤት አካባቢ የጽሕፈት አገልግሎት ከፍታ የምትሠራም አለች። ሁሉም ፕሮግራም መጻፍ ያውቃሉ። ኮምፒውተር ሲከፈት ቀድሞ የሚነሣውና ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ የሚያስተዳድረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ከለመድናቸው ከዊንዶውስ፣ ከሊኑክስና ከአንድሮይድ በተለየ መንገድ ሊሠሩት የሞከሩ ሰዎች ምን አስበው ነበር? ከሙከራቸውስ ለእኛ የሚሆን ምን አለ? ያሰባሰበን ይኸው ጥያቄ ነው።

አወዳድሩ ሲባል አብዛኛው ሰው ፍጥነትን ያስቀድማል። የሙከራ ሲስተሞች ግን በአብዛኛው የተሠሩት አንድን ሐሳብ እስከ ጥጉ ገፍቶ ለማየት ነው፤ በፍጥነት ብቻ ብንለካቸው ዋናው ነገር ያመልጠናል። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ አወጣንላቸው። መብራት ድንገት ቢጠፋ ምን ይተርፋል? የግዕዝን ፊደል ይይዛል ወይ? አንድ ሰው ኮዱን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ሊረዳው ይችላል ወይ? ሦስቱም እዚሁ ጎዳና ላይ በየቀኑ የሚገጥሙን ጉዳዮች ናቸው። ሐሙስ ሚኒክስ በተባለው ሲስተም እንጀምራለን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፕሮፌሰር አንድሪው ታነንባውም አምስተርዳም ውስጥ ሲያስተምሩ፣ የዩኒክስ ሲስተም ባለቤት የነበረው ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለ ኩባንያ የሰባተኛውን የዩኒክስ እትም ኮድ በክፍል ማስተማር በፈቃዱ ውል ከለከለ። ተማሪዎቻቸው የሚያነቡት እውነተኛ ሲስተም ሲያጡ ራሳቸው ጻፉላቸው። ሚኒክስ እ.ኤ.አ. በ1987 ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ወጣ።

ሐሳቡ ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ በተቻለ መጠን ማሳነስ ነው። እኔ ለማስተምራቸው ወጣቶች ያስረዳሁት ከእኛ ዝቅ ብሎ ባለው ዋናው ፖስታ ቤት ነው። በአገራችን በተለምዶ ደብዳቤ ቤት ለቤት አይዞርም፤ ባለጉዳዩ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይኖረዋል፣ ፖስታ ቤቱም ደብዳቤውን ሳጥኑ ውስጥ ያኖርለታል። ውስጡን አያነብም፣ መልሱን አይጽፍም። የሚኒክስ ከርነል ዋና ሥራም መልእክት ማድረስ ነው። ዲስክ የሚያነበው፣ ኔትወርክ የሚያንቀሳቅሰው፣ ፋይል የሚያደራጀው፣ እያንዳንዱ የየራሱ ቁጥር ያለው የተለየ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ ውስጥ ግን እነዚህ ሁሉ በአንድ አካል ታቅፈው ሙሉ ሥልጣን ይዘው ይሠራሉ፤ አንድ ድራይቨር፣ ማለትም አንድን መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም፣ ሲሳሳት ማሽኑን ሙሉ ይዞት ሊወድቅ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን ሚኒክስ 3 ከፍተን የኔትወርክ ድራይቨሩን ሆን ብለን ገደልነው። የወደቀ ፕሮግራምን እየተከታተለ የሚያስነሣው አገልጋይ ወዲያው አዲስ ድራይቨር አስነሣ፤ ሌላው ሥራ አልቆመም። ሞባይል የሚጠግነው ልጅ ደጋግሞ እንድንገድለው ጠየቀን፤ ደጋግሞም ተነሣ።

ዋጋውንም አሳየኋቸው። ሥራ ሁሉ በመልእክት ሲሄድ እያንዳንዱ መልእክት ጊዜ ይበላል። እ.ኤ.አ. በጥር 1992 ታነንባውም ሊኑክስን ጊዜው ያለፈበት አሠራር ሲሉ ነቀፉ፤ ያኔ ገና ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ደግሞ የሚሠራ ነገር በእጁ እንዳለ ተከራከረ። በገበያው ቶርቫልድስ አሸነፈ። ክርክሩ ግን አልተዘጋም። ዮኸን ሊድትከ የተባለው ጀርመናዊ ኤል 4 በተባለው ከርነሉ መልእክት እጅግ ፈጣን ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ከዚያ ቤተሰብ የተወለደው ኤስ ኢ ኤል 4 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 አውስትራሊያ ውስጥ፣ 8,700 ያህል የሲ ኮድ መስመሮቹ ከተሰጣቸው ዝርዝር ውል ዝንፍ እንደማይሉ በሒሳብ ተረጋገጠለት። ሊኑክስ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ነው። ይህን ያህል ኮድ በዚያ መንገድ ማረጋገጥ የሚታሰብ አይደለም፤ ትንሽ መሆን ራሱ ኃይል የሚሆንበት ቦታ አለ።

ሚኒክስም አልሞተም። ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ ባለው የማስተዳደሪያ ክፍል እየሠራ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2017 በሰፊው ታውቋል። ለትምህርት የተጻፈ ሲስተም ባለቤቱ ሳያውቀው በሚሊዮኖች ማሽን ውስጥ ገብቷል።

እሑድ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ተራው የኦቤሮን ነው። ኒክላውስ ቪርት እና ዩርግ ጉትክኔክት ዙሪክ ባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከ1985 እ.ኤ.አ. አንሥተው ከማስተማር ሥራቸው ጎን ለጎን ሠሩት። ቋንቋውን፣ ኮዱን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚመልሰውን ኮምፓይለር፣ ሲስተሙንና ጽሑፍ ማረሚያውን ሁለቱ ነድፈው፣ ኮዱን ከነማብራሪያው መጽሐፍ አድርገው አሳተሙት። ቪርት 80 ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ፕሮሰሰሩን ጭምር ራሳቸው ነድፈው እንደገና ሠሩት። ያረፉት አምና ታኅሣሥ 22 ቀን ነው።

ኦቤሮን ላይ ትእዛዝ ለመስጠት የተለየ ቦታ የለም። ስክሪኑ ላይ የተጻፈ ማንኛውም ጽሑፍ የአንድ ትእዛዝ ስም ከሆነ በማውስ መሐለኛ ቁልፍ ሲነካ ይፈጸማል። የሥራ ዝርዝሩን እንደ ተራ ማስታወሻ ትጽፋለህ፣ ማስታወሻው ራሱ መሣሪያህ ይሆናል። መስኮቶቹ አይደራረቡም፤ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሦስተኛውን ጥያቄያችንን የሚመልስ ሲስተም ነው፤ አንድ ትጉ ተማሪ ኮዱን አንብቦ ይጨርሰዋል። ባንክ የሚሠራው ልጅ ፋይል ሲከፈት ምን እንደሚሆን ከመጽሐፉ እየተከተለ እስከ ዲስኩ ድረስ ወረደ። ከእነ ዊንዶውስ ጋር በኖረባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ መንገድ ተከፍቶለት አያውቅም።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ኦቤሮን ወደቀ። በኦቤሮን አንድ ሆሄ አንድ ባይት ነው፤ አንድ ባይት የሚይዘው ደግሞ 256 ዓይነት ምልክት ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ መጀመሪያ ሲገባ ቁጥሩንና ሥርዓተ ነጥቡን ጨምሮ 345 ምልክት ነበር። 345 በ256 ቦታ አይገባም። ዙሪክ ላይ የተቀመጡት ሊቃውንት ክፋት አልነበረባቸውም፤ የራሳቸው ፊደል በ256 ውስጥ ተመቻችቶ ይኖር ስለነበር ጉዳዩ አላስጨነቃቸውም።

ባንክ የሚሠራው ልጅ ግን በዚህ አላቆመም። አንዱን ባይት ሁለት ለማድረግ ኮምፓይለሩ፣ ፎንት አንባቢውና ጽሑፍ ማረሚያው ውስጥ የሚነካውን ቦታ ሁሉ በአንድ ገጽ ዘርዝሮ አመጣ። ከሊኑክስ 30 ሚሊዮን መስመር ላይ እንዲህ ያለ ዝርዝር በአንድ ገጽ አይወጣም። ፊደላችንን ያልያዘው ሲስተም ለማስተካከል ግን ከሁሉ የቀለለ ሆኖ ተገኘ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኅዳር ሚካኤል ነው። ከጠዋት ጀምሮ በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተቃጠለ ከተማዋ ታጥናለች፤ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው ይባላል። ማታ ስንገናኝ ጭሱ ገና ፒያሳ ላይ ነበር።

የጽሕፈት አገልግሎት ያላት ተማሪ የድሮ ፋይሎቿን በፍላሽ ይዛ መጣች። ዓመታት ያስቆጠሩ የደንበኞች ማመልከቻዎች፣ ውሎች፣ የውክልና ረቂቆች ናቸው። ስንከፍታቸው የላቲን ፊደልና የነጥብ ድብልቅ ሆኑ። «መምህር፣ ይኸን ሁሉ የጻፍኩት በአማርኛ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዩኒኮድ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር በራሱ አሠራር «በ»ን አንድ ቦታ፣ «ቡ»ን ሌላ ቦታ ያኖር ነበር። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፊደሉን ስለማያውቀው ሥራው የፎንቱ ሆነ፤ ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉም ጠፋ። በዚህ አገር መዛግብት ውስጥ እንዲህ ታስሮ የቀረ ጽሑፍ ብዙ ነው።

ከዚህ ያወጣን ሐሳብ የበቀለው ከሙከራ ሲስተም ላይ ነው። ቤል ላብስ በተባለው የምርምር ማእከል ውስጥ ዩኒክስን የሠሩት ሰዎች ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ፕላን 9 የተባለ አዲስ ሲስተም ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 ኬን ቶምሰን እና ሮብ ፓይክ ኒው ጀርዚ ውስጥ እራት ሊበሉ ተቀምጠው የዓለምን ፊደላት ሁሉ በባይት የሚጽፍ አዲስ ዘዴ ነደፉ፤ በቀናት ውስጥም ፕላን 9ን በሙሉ ወደዚያ አዞሩት። ዘዴው ዛሬ ዩቲኤፍ 8 የምንለው ነው። የእንግሊዝኛው ሆሄ እንደ ድሮው በአንድ ባይት ይቀራል፣ የእኛ ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሀ» በዩኒኮድ ቁጥሩ 4608 ነው፤ በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ 225፣ 136፣ 128 ይሆናል።

ያን ጊዜ ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ አልነበረም። ዳንኤል ያዕቆብን የመሳሰሉ ባለሙያዎች የደከሙበት ፊደላችን የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999፣ በዩኒኮድ 3.0 ነው። አቀማመጡን ለተማሪዎቹ በሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ተሰጥቷል፤ «ሀ» ከ4608፣ «ለ» ከ4616 ይጀምራሉ። በዚህ ምክንያት የመደበኛዎቹን ሆሄያት ቁጥር ለስምንት አካፍለህ ቀሪውን ብታይ ሆሄው ግዕዝ ይሁን ካዕብ፣ ሣልስ ይሁን ራብዕ ይነግርሃል። የገበታው ሥርዓት በቁጥሩ ውስጥ ተቀምጧል።

ፕላን 9 ራሱ ሁሉን ነገር ፋይል የማድረግ ሐሳብ ነው። ስክሪኑም፣ ኔትወርኩም፣ የሚሠራው ፕሮግራምም ፋይል ሆነው ይታያሉ፤ 9ፒ በተባለ ፕሮቶኮል ደግሞ የሌላ ማሽን ፋይል እንደ ራስህ ይሆናል። እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያየው የፋይል ዛፍ የራሱ ነው፤ ፕሮግራምን ለብቻው ከልለው የሚያስኬዱት የዛሬዎቹ የሊኑክስ ኮንቴይነሮች ከዚህ ሐሳብ ተምረዋል። 9ፒም ዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን በሚያስኬደው ክፍል ውስጥ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ እየሠራ ነው።

በፕላን 9 ፎንት ማለት የቁጥር ክልሎችን የሚዘረዝር ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ከ4608 እስከ 4991 ያለውን ክልል በአንድ መስመር ጨመርንና የሆሄዎቹን ሥዕል አገናኘንለት። የጽሕፈት ባለሙያዋ የደንበኛ ማመልከቻ መጀመሪያ ላይ የምትጽፈውን «ጉዳዩ፦» አስገባች፤ ጥርት ብሎ ወጣ። ለቀሩት ፋይሎቿ ደግሞ የድሮውን ቁጥር ወደ አዲሱ የሚመልስ ፕሮግራም ለመጻፍ ሥራ ተከፋፍለናል።

እሑድ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትናንት ማታ መብራት ሲጠፋ የሁለት ልጆች ሥራ አብሮ ጠፋ። የአንደኛው ላፕቶፕ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ የዛሬውን ርእስ ለውጠን መጀመሪያ ያወጣነውን ጥያቄ ያዝን።

ይህን ጥያቄ ከሥሩ ያሰበበት ሲስተም ኪኮስ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ታይምሼር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የአንድን ትልቅ ኮምፒውተር ጊዜ ለብዙ ደንበኛ ያከራይ ነበር። ደንበኞቹ እርስ በርስ አይተማመኑም፤ አንዱ የሌላውን መረጃ እንዳያይ፣ አንዱም ሲበላሽ ሌላውን እንዳይነካ መጠበቅ ነበረበት። በዚህ ምክንያት የተሠራው ሲስተም ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሚነካውን ነገር አንድ በአንድ በማይሰረቅ የፈቃድ ቁልፍ ይሰጠዋል። ቁልፉ በእጁ ያልገባ ነገር ለዚያ ፕሮግራም የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ሐሳቡ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ኪኮስ ላይ «አስቀምጥ» የሚባል ነገር አያስፈልግም። ሲስተሙ በየጥቂት ደቂቃው የማሽኑን ሁኔታ በሙሉ፣ ፕሮግራሞቹ የደረሱበትን መስመር ሳይቀር፣ ዲስክ ላይ ይገለብጣል። መብራት ቢጠፋ ተመልሶ ሲነሣ ሁሉም መጨረሻ ከተገለበጠበት ቦታ ሥራውን ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆናታን ሻፒሮ ይህንኑ ሐሳብ ኤሮስ በተባለ ሲስተም በግል ኮምፒውተር ላይ አስኬደው።

ዋጋ አለው። የተበላሸ ሁኔታም አብሮ ሊቀመጥ ይችላል፤ ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት የሚያጸዳው ስህተት እዚህ አይጸዳም። ከውጭ ዓለም ጋር የነበረ ግንኙነትም በሌላው ወገን ይቋረጣል፤ የባንክ ክፍያ መሐል ላይ ሆኖ ወደ ኋላ መመለስ አደገኛ ነው። ባንክ የሚሠራው ልጅ ይህን ራሱ አነሣው፤ ለእኔም ከሁሉ የበለጠው ጥያቄ የእሱ ነበር። የዛሬዎቹ ሲስተሞች መካከለኛውን መንገድ ይዘዋል፤ የፋይሉን አደረጃጀት ለውጡን አስቀድሞ በሚመዘግብ ጆርናል ይጠብቃሉ፣ በመጻፍ ላይ ያለውን ሥራ ግን ለፕሮግራሙ ይተዉታል። መብራት እምብዛም በማይጠፋበት አገር ይህ በቂ ሆኖ ተገኘ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እስከ ዛሬ ያየናቸው በሩቅ አገር የተሞከሩ ናቸው። ዛሬ ስለተነጋገርነው ግን ከመሐላችን የቀመሰው ሰው ነበር። ሞባይል የሚጠግነው ልጅ ተማሪ ሳለ ነጭና አረንጓዴውን ኤክስኦ ላፕቶፕ አግኝቶ ነበር። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ፕሮጀክት ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ኤክስኦዎችን አስገብቷል። 256 ሜጋባይት ሜሞሪና 1 ጊጋባይት ማከማቻ ብቻ የነበረው፣ ፀሐይ ላይ የሚነበብ ስክሪን ያለው ማሽን ነው። ለኢትዮጵያ የተዘጋጀው የቁልፍ ሰሌዳ የግዕዝ ፊደል ታትሞበታል።

በሊኑክስ ላይ የተሠራው ገጽታው ሹገር ይባላል። ፎልደር የለውም፣ የሚደራረብ መስኮትም የለውም። ልጁ የሠራው ነገር ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል ጆርናል በተባለ የሥራ ማስታወሻ ውስጥ ይገባል። ስክሪኑ ከራሱ ሥራ ወደ ጓደኞቹ፣ ከጓደኞቹ ወደ ሰፈሩ ይሰፋል፤ በአቅራቢያው ያሉ ላፕቶፖች ያለ ኢንተርኔት እርስ በርስ ይገናኛሉ። የሚሠራበትን ፕሮግራም ኮድ እንዲያይ የተለየ ቁልፍ ተደርጎለታል። ሞባይል የሚጠግነው ልጅ «ኮድ የሚባል ነገር እንዳለ ያወቅሁት በዚያች ቁልፍ ነው» አለ። የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ላፕቶፑን የተጠቀሙ የኢትዮጵያ ልጆች በረቂቅ አስተሳሰብ ፈተናዎች ካላገኙት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሙከራው አልሰፋም። ንድፉ የቆመው ልጅ ራሱ እየነካካ ይማራል በሚለው በትምህርት ተመራማሪው በሲሞር ፔፐርት ሐሳብ ላይ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ሰሌዳ፣ መማሪያ መጽሐፍና ፈተና ይዘው የቆሙ መምህር ነበሩ። ለእሳቸው በሹገር ውስጥ የተዘጋጀ ቦታ ጠባብ ነበር፣ ሥልጠናውም አልበቃቸውም። «ክዳኑን ዝጉ ይሉን ነበር» አለ ሞባይል ጠጋኙ። አልፈርድባቸውም። ሲስተሙን የነደፉት ሰዎች ከልብ የተጨነቁት ለልጁ ነበር፤ ለልጁ የሠሩት ሁሉ ሠምሮላቸዋል። ያልተጨነቁለት መምህሩ ነው፣ ክፍተቱም እዚያው ላይ ታየ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ሁሉንም ጎን ለጎን አስቀመጥን። ሦስቱንም ጥያቄ ያለፈ የለም። ኦቤሮን ይነበባል፣ ፊደላችንን አይይዝም። ፕላን 9 ፊደላችን ሳይደርስ መንገድ ጠርጎ ጠበቀው፣ ለመብራት መጥፋት ግን የተለየ መፍትሔ አልሰጠም። ኪኮስ መብራቱን ረታ፣ ዛሬ ልንማርበት እንደ ሌሎቹ በቀላሉ አናገኘውም። ሚኒክስ የወደቀውን ድራይቨር ያስነሣል፣ ያልተቀመጠውን ማመልከቻ አይመልስም። ሹገር ልጁን አሰበ፣ መምህሩን ረሳ።

ለእኔ ፍርዱ ግልጽ ነው። ሲስተም የሚጠነክረው ሠሪው በተቸገረበት ቦታ ላይ ነው። ታነንባውም የሚነበብ ኮድ ቸገራቸው፣ የሚነበብ ኮድ ሠሩ። ታይምሼር የማይተማመኑ ደንበኞች ቸገሩት፣ የማይሰረቅ ፈቃድ ሠራ። የእኛን ችግር የሚያህል ጥንካሬ ያለው ሲስተም ያልተገኘው ሌላው ስለናቀን አይደለም፤ ችግሩ የደረሰበት ሰው ገና ስላልሠራው ነው። ሥራው ደግሞ ከአቅም በላይ እንዳልሆነ የሁለት አስተማሪዎች ኦቤሮን ምስክር ነው።

በየዩኒቨርሲቲያችን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ትምህርቱ የትርጓሜ ጥናትና የፈተና ወረቀት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እለምናችኋለሁ። ኤምአይቲ ለማስተማሪያ የጻፈው ኤክስቪ 6 ከ10 ሺህ መስመር በታች ነው፤ በነፃ ይገኛል፣ ማሽን ድንገት ሲጠፋ የፋይሉን ሥርዓት የሚጠብቅ ትንሽ መዝገብም አለው። ለተማሪዎቻችሁ ስጧቸው። የአማርኛ ጽሑፍ ተቀብሎ በትክክል እንዲያሳይ ያድርጉት፤ ከዚያ በመጻፍ ላይ ሳሉ ገመዱን ንቀሉና የተረፈውን አብራችሁ ቁጠሩ። የእኛ ቡድን ከሚቀጥለው ሐሙስ ጀምሮ ይህንኑ ይሠራል።